በክንድ ርቀት

ሰባት ሰዓት ነበር፣ ድሬ ስትጋገር፣
ታይዋን ከቆርቆሮው ሥር ጥላ ስንበዳደር፣
ጉሌድ መጣ፣ ባጃጁን ጥሎ ከመንገድ ዳር።
«ይኼን ስልክ ውሰድና ያንን ስጠኝ» አለ፣
«ነጥቡ እጥፍ ነው አሉ፤ ዐይን ያጠግባል ተባለ።
በአንድ ኢንች አምስት መቶ! የኔማ ሁለት መቶ ስልሳ፤
ለካ ዓለምን ሳያት የኖርኩ ድርና ማጓ እንደሳሳ።»

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ከዚያኛው ሁለት ሺህ ብር አለኝ፣
«እውነት ነው» ልል ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ፤
ምናልባት ሙቀቱ፤ ምናልባት ደግሞ እልህ፤
አስር ዓመት ነጥብ ሸጬ አንዷንም አላየሁ ብልህ
ታምናለህ?

ሁለቱን ስልክ አስተኛሁ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን፣
በፕላስተር ሸፈንኩት ስማቸውን፣ ጠርዛቸውን።
አንድ ፎቶ ጫንኩባቸው፦ የባቡር ጣቢያውን ግንባር፣
ፊደሉ የፈረንሳይ፣ ቀለሙ የተላጠ ከዳር።
«ክንድህን ዘርግተህ ያዝ፤ የትኛው ነው የጠራው?»
አንዴ ይኼን አንዴ ያንን፣ ዐይኑን አጥብቦ ገመገመው፤
«ይኼ!» አለ በኩራት። ርካሹን ነበር የመረጠው።
አምስት ጊዜ አቀያየርኩ፤ ሦስቱን ጊዜ ሳተ፣
ሁለቷን ዕድል ሰጠችው፣ ጣቱ እየተንከራተተ።

«ጥላው ነው» አለና ወደ ፀሐይ ይዟቸው ወጣ፤
የድሬ ፀሐይ ደግሞ ውድ ርካሽ ለይታ አትቀጣ፤
ሁለቱም መስታወት ሆኑ፤ የታየው የራሱ ጢም፣
ነጥብ ቢሉ ነጥብ የለም፣ ፎቶ ቢሉ ፎቶም የለም።

ተመልሶ ጎንበስ ሲል ከቅንድቡ ላብ ጠብ አለ፣
ከርካሹ ስልክ ፊት ላይ ክብ ሆኖ ተደላደለ።
ከጠብታዋ ሥር ያ ነጭ ሰማይ ተበተነ፤
ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ የጨሌ ድርድር ሆነ።
ነጭ የሚባል አልነበረም። ነጭ የዐይናችን ውል ነው፤
ሦስት ቀለም ሲጣላ ከሩቅ ሆነን ያስታረቅነው።

«ይኼው ነጥቡ!» ብሎ ጮኸ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፣
ሰዓት ሠሪው ሙሳ አጉሊውን ካይኑ ሳያነሳ ቀረበ።
አየና፦ «እኔ በዚች መነጽር ሠላሳ ዓመት
የመዘውር ጥርስ ቆጠርኩ፤
ሰው ግን የሚጠይቀኝ ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው» አለ፤
ወደ ወንበሩም ተመለሰ።

ጉሌድ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ የራሱን አሮጌ ስልክ አብርቶ
ጥጉ ላይ በጥፍሩ ጠቆመኝ፦
አንዲት ጥቁር ነቁጥ፣ የሞተች ነጥብ።
«እሺ ይቺሳ? እነዚያ ሁሉ በሕይወት እያሉ ካልታዩኝ
ይቺ ሞታ እንዴት ታየች?
ሌሊት ሌሊት ዐይኔ ከሷ ሌላ ማረፊያ የለው።»

መልስ አልነበረኝም።
በበጋ ከደቻቱ ድልድይ ሲያዩት አሸዋው አንድ ጣቃ አቡጀዲ ነው፤
ማን ፍሬ ይቆጥራል?
ጫማህ ውስጥ የገባችዋን ግን
እስከ ከዚራ ድረስ ስሟን እየጠራህ ትሄዳለህ።
ይኼን ልለው ፈለግኩ፤ ሙቀቱ አፌ ውስጥ ገባ።

ውዱን ወደ ካርቶኑ መለስኩት።
እሱም የሃምሳ ብር ላስቲክ ስክሪኑ ላይ አስለጠፈ፣
ጭረቱን ሸፈነለት፣ ነቁጧን አልሸፈነም፣
ባጃጁን አስነሥቶ ወደ መጋላ ታጠፈ።

ማታ፣ ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት፣ ብቻዬን፣
ጣቴን ውኃ አስነክቼ የራሴ ስልክ ላይ ጠብ አደረግኩ።
የኢልሃም ፎቶ ነው።
ጉንጯ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ ኢልሃም ግን የለችም።
በሸሚዜ እጅጌ ቶሎ ጠረግኩት።
ክንዴን ዘረጋሁ፤
ተመልሳ መጣች።